ምሳ ዕቃው ማጉረምረሙን ያቆመ ዕለት

ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰፈራችን በሰቃ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለችው የሞባይል ጥገና ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጠጋኙ አንገቱን ደፍቶ አንድ የተፈታ ስልክ ሆድ ውስጥ እርሳስ ያቀልጣል። ያቺ ቀጭን ነጭ ጭስ ሽው ብላ ወጣችና አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ሙጫና ትኩስ ብረት የተቀላቀለባት፣ ትንሽ የምታስነጥስ፣ ትንሽ ደግሞ የምትጣፍጥ ሽታ ናት። ጓደኛዬ "ነይ እንጂ፣ ታክሲው ሞላ!" እያለች ክንዴን ትጎትታለች፤ እኔ ግን እዚያ የለሁም። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ አያቴ አባባ ግቢ ውስጥ፣ የቆርቆሮው ዳስ ሥር፣ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ አጎቴ ሳሚ አለ። በመካከላችን ሆዱ የተከፈተ ምሳ ዕቃ አለ።

እናቴ ይህን እየጻፍኩ እንደሆነ ስነግራት "ትዝታ የሚጽፍ ሰው እኮ ቢያንስ አንድ ሽበት ሊኖረው ይገባል" ብላ ሳቀችብኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሽበትም የለኝም። ግን የኛ ሰፈር ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ እኛ ልጆቹ ቶሎ እናረጃለን። ያኔ ሳንቡሳ በአምስት ብር ነበር፤ ሚጥሚጣው በነጻ። ሳንቡሳ የምትሸጠው ሴትዮ የምትቀመጥበት ጥግ ዛሬ መንገድ ሆኗል፤ ድንጋይዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር "ቀስ በል፣ ሰው አለ" ልለው ይቃጣኛል። ያኔ ወንዶቹ ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ይለብሱ ነበር፤ አባባ ደግሞ ያንን ባዩ ቁጥር "እኛ እንዲህ ሲቀደድብን ነበር የምንሰፋው" ይሉ ነበር። ከባድ መኪኖቹ ከደብረ ዘይት መንገድ ሲወርዱ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል፣ የሲሚንቶ አቧራው የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል፣ ከሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ደግሞ አንድ ዘፈን ክረምቱን ሙሉ ሳይሰለች ይዘፈናል። የዚያን ዘፈን መግቢያ ጊታር ሳሚ ከዘፋኙ ጊታሪስት የበለጠ አሳምሮ ይጫወተው ነበር። ይህን የምለው አጎቴ ስለሆነ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ስለሆነም ነው።

ሳሚ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ያኔ ሠላሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ቀጭን፣ ፀጉሩን ወደ ላይ የሚያቆም፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ጊታር የሚመታ ሰው ነበር። ጊታር ደግሞ ብቻውን ሰርግ አይሄድም። ፔዳል የሚባሉ ትናንሽ ሣጥኖች አሉት፤ መሬት ላይ ተደርድረው በእግር የሚረገጡ። አንዱን ስትረግጠው ድምፁ ይሻክራል፣ አንዱን ስትረግጠው ገደል ውስጥ እንደጮኸ ሰው ያስተጋባል፣ ሌላውን ስትረግጠው ይንቀጠቀጣል። ሳሚ ሦስቱንም ከየሰው ላይ አሮጌ አሮጌውን ገዝቶ፣ በስድስት ገመድ አገናኝቶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ በታክሲ ይሄዳል። ረዳቱ "የከረጢቱን ሒሳብ!" ይለዋል። ሰርግ ቤት ደርሶ ከረጢቱን ሲከፍት ደግሞ ገመዶቹ እንደ ቋንጣ ተጠላልፈው ያገኛቸዋል። ከስድስቱ አንዱ ሁልጊዜ የሞተ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን በየሳምንቱ ይቀያየራል።

አንድ እሁድ ሙሽሮቹ እየገቡ፣ ሁሉም ሰው ቆሞ እያጨበጨበ፣ የሳሚ ጊታር ጭጭ አለ። መሬት ላይ ተንበርክኮ ገመድ ሲነቅል ሲሰካ፣ ቪዲዮ አንሺው ሙሽራዋን ትቶ እሱን አነሳው። ሳሚ ይህንን ሲነግረን አልሳቀም፤ ሳሚ ደግሞ የማይስቅበት ነገር አልነበረም። የባንዱ መሪ ደሬ፣ ኪቦርድ የሚመታው፣ መኪና ውስጥ ጠብቆ እንዲህ አለው አሉ፤

"ሳሚዬ፣ እወድሃለሁ። ግን ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው አንተ ገና ገመድ ትፈታለህ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትልቅ ሰርግ አለን። ያን ቀን ይህ ከረጢት ከመጣ እኔ ሌላ ጊታሪስት አመጣለሁ።"

ሳሚ ቤት መጥቶ ጊታሩን ከነቦርሳው ግድግዳ ላይ ሰቀለና ቂሊንጦ ያለ ፋብሪካ መቀጠሪያ ቅጽ ሞላ። ፋብሪካው ላይ ቅሬታ የለኝም። በየጠዋቱ የሠራተኛ ሰርቪስ የሚጠብቁት ጎረቤቶቻችን ደህና ይኖራሉ። ግን ሳሚ ቅጹን ሲሞላ "ልዩ ችሎታ" የሚለው ጋ ሲደርስ ሰረዝ አደረገበት። እኔ ትከሻው ላይ ተንጠልጥዬ እያየሁ ነበር።

"ለምን ፔዳሎቹን ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ አትከታቸውም?" አልኩት።

"ሶሲዬ፣ ፔዳል እኮ ድንች አይደለም፣ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ የሚከተት።"

"ሆዳቸውን አውጥተህ ነው የምልህ። ሣጥኑን ጥለህ ሆዱን ብቻ።"

ዞር ብሎ አየኝ። ቅጹን አጠፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ኢንጂነር ሆነ።

ሣጥን ፍለጋው ብቻ ሦስት ቀን ፈጀ። ፕላስቲክ አይሆንም፤ የጊታርን ድምፅ ከአየር ላይ ከሚንሳፈፈው ጫጫታ ሁሉ የሚከልለው ብረት ነው አለኝ ሳሚ። የብስኩት ቆርቆሮ ሞከርን፤ ሳሚ አንድ ጊዜ ሲረግጠው እንደ ቆሎ መያዣ ወረቀት ተጨራመተ። ዳሱ ሥር ተቀምጠው ጋዜጣ የሚያነቡት አባባ ከመነጽራቸው በላይ አዩን፣ ተነሱ፣ ጓዳ ገቡ፣ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ወጡ።

አባባ የእናቴና የሳሚ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ምሳ ዕቃው አራት ማዕዘን፣ ወፍራም አሉሚኒየም ነው፤ ሰው ቢቆምበት የማይጎብጥ። ያኔ፣ የሳቸው ያኔ ማለቴ ነው፣ ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ሲገባ ምሳ ዕቃውን የእንፋሎት ቧንቧው ላይ ይደረድረዋል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ወጡ ሞቆ ይጠብቃል። ግን መቶ ሰው ከአንድ ሱቅ የገዛው መቶ ምሳ ዕቃ አንድ ዓይነት ነው። ሽሮ ይዞ የመጣ ሰው ቀድሞ ወጥቶ የጎረቤቱን ሥጋ በልቶ "ተሳሳትኩ" ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከማሽን ቀለም ላይ ትንሽ ለምኖ የራሱን ምልክት ይቀባበታል። አንዱ መስቀል፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የልጁን ስም። አባባ ያኔ ገና ፊደል አልቆጠሩም ነበር፤ ስለዚህ አንዱን ጎን በሙሉ ነጭ ቀብተው በላዩ ላይ በቀይ ወፍ ሣሉ። ወፉ ግን ጫማ ይመስላል። እስከ ጡረታቸው ድረስ ፋብሪካው ውስጥ "ባለ ጫማው" ነበር የሚባሉት። በየምሳ ሰዓቱ "ወፍ ነው!" ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

"ይህ ይሆናችኋል?" አሉ።

ሳሚ ተቀብሎ አገላበጠው። "አባዬ፣ ይህማ እንቁ ነው። ግን እኮ ልንበሳው ነው።"

"ብሱት። እኔ ከእንግዲህ ሽሮ ይዤ የት ልሄድ ነው?" አሉና ወደ ጋዜጣቸው ሲመለሱ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። "ብቻ ምልክቴን አደራ።"

ያቺ አደራ ናት ጉድ የሠራችን።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ጣፋጮቹ ናቸው። ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ዳሱ ሥር እገባለሁ። ሳሚ ምሳ ዕቃውን ገልብጦ፣ ቂጡን ወደ ላይ አድርጎ፣ በትራፓኖ ይበሳዋል፤ ላይ ላዩን ለሦስት የእግር ማብሪያ፣ ከኋላቸው ለስድስት ማዞሪያ። በቀኝ ጎን የጊታሩ መግቢያ፣ በግራ መውጫው፣ ከኋላ የኤሌክትሪኩ። የሦስቱን ፔዳሎች ሆድ አውጥተን ጎን ለጎን ስናስተኛቸው አልበቃ አሉ፤ አንደኛውን በሌላው ላይ ደራርበን፣ በመካከላቸው የደብተሬን ካርቶን ሽፋን ቆርጠን አስገባን። ቀዩን ሽቦ እኔ እላጣለሁ፣ ሳሚ ይበይዳል። በሦስተኛው ቀን መበየጃውን፣ ካውያውን ሰጠኝ። እርሳሱ ብልጭ ብሎ ቀልጦ፣ ሽቦዋን እንደ ጤዛ አቅፏት ቀረ። "ኢንጂነር!" አለ ሳሚ። ከዚያ በኋላ ካውያውን ለመቀበል ስንት ጊዜ ይለምነኝ ነበር!

አንድ ሥራ ብቻ ቀረ። ጥቁሯን ሽቦ፣ አባባ ማሳ የሚሏትን፣ እኛ ኧርዝ የምንላትን፣ ከራሱ ከሣጥኑ ብረት ጋር በብሎን ማሰር። ሳሚ ማብሪያ ሊገዛ መርካቶ ሊሄድ ሲነሳ "ባዶ ጎን አይተሽ እሰሪያት" አለኝ። ባዶው ጎን አንድ ብቻ ነበር፤ ወፉ ያለበት። ምን ላድርግ? ከጭራው ሥር፣ የማይታይ ቦታ መርጬ፣ ትንሽዬ ቀዳዳ በሳሁ። ብሎኑን አስገብቼ ዳዶውን ሳጠብቅ ግን ቀለሙ ሊሰነጠቅ ሲል አየሁት። አደራው ትዝ አለኝ። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ሁለት ክብ ቆረጥኩና አንዱን ከውጭ፣ አንዱን ከውስጥ አደረግኩለት። ጎማው ቀዳዳውንም ሞላው፤ ብሎኑ ለስለስ ብሎ ተቀመጠ። ቀለሙ አልተነካም። በራሴ ኮራሁ። ሰርኪዩቱን ከላዩ ደርበን ስንዘጋው ጎማዋን ማንም አላያትም፤ እኔም ረሳኋት።

ሰካነው። ሳሚ ጊታሩን አነገተ፣ የመጀመሪያውን ማብሪያ ረገጠ። ምሳ ዕቃው አጉረመረመ።

እም... ም... ም... ም። ቀፎ ሙሉ ንብ የተከተተበት ይመስል። ሳሚ ጊታሩን ሲመታው ከጉርምርምታው ሥር ዜማው ይሰማል፤ እጁን ሲያነሳ ንቦቹ ይመለሳሉ። የሚያሻክረውን ሲረግጠው ደግሞ ሣጥኑ ኳስ ማስተላለፍ ጀመረ። እውነቴን ነው! "...ኳሷን ይዞ በቀኝ በኩል እየገፋ..." የሚል የሬዲዮ ጋዜጠኛ ከጊታሩ ድምፅ ማጉያ ወጣ። ጎረቤታችን በአጥር በኩል "ስንት ለስንት ናቸው?" ብሎ ጠየቀ። ያኔ ስቀናል። በሁለተኛው ቀን አልሳቅንም። ሳሚ ሽቦ ቀየረ፣ የኤሌክትሪክ መስጫውን ቀየረ፣ የበየድኩትን ሁሉ ነቅሎ እንደገና በየደ፤ "ያንቺ ጥፋት አይደለም" እያለ። ማጉረምረሙ ግን አልሄደም። እኔ ማታ ተኝቼም ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

ዐርብ ዕለት ሳሚ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። በቀስታ ነው ያስቀመጠው፤ ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር። "ነገ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ የቱሉ ዲምቱ ሰፈር ልጅ ጊታሩን አይቶ ሊገዛው ይመጣል" አለ። "ደሬ ነገ ማታ ደውልልኝ ብሎኛል። የምደውልለት ነገር የለኝም።"

"እሁድ እኮ ገና ነው..."

"ሶሲዬ፣ በቃ።"

ቅዳሜ ጠዋት ሳሚ ጊታሩን ለገዢው እያጸዳ ነበር፤ በእናቴ የመነጽር ጨርቅ፣ አንገቱን፣ ሆዱን፣ እያንዳንዱን ቁልፍ። እኔ ጎኑ ተቀምጬ አላለቅስም እያልኩ አለቅሳለሁ። አባባ ጋዜጣቸውን አጠፉ።

"እስቲ ያንን ነገር ክፈቱት" አሉ። "ሳምንቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ።"

"አባዬ፣ ይህ እኮ የሽመና ማሽን አይደለም" አለ ሳሚ።

"እሱማ አይደለም። የሽመና ማሽን ኳስ አያስተላልፍም።" መነጽራቸውን በክሩ ሳብ አድርገው አፍንጫቸው ላይ አቆሙ። "አንድ ጊዜ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ማሽኑን ሁሉ ቀለም ቀባነው። አማረ! የማሳውን ብሎን ቀለሙ ላይ አጠበቅነው። በማግስቱ ማሽን የነካ ሁሉ እየነዘረው ሲዘል ዋለ። ማሳችሁ የት ነው የታሰረው?"

ሳሚ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

"ወፉ ጎን ነው" አልኩ። "ግን ቀለሙን አልነካሁትም አባባ! ምንም አልሆነም፣ ጎማ አድርጌለታለሁ።"

ሳሚ የጊታሩን ጨርቅ አስቀመጠ።

"ምን አድርጌለታለሁ ነው ያልሽው?" አለ ሳሚ።

"ጎማ። ከውስጥም ከውጭም። አደራ ስላሉኝ።"

ሳሚ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። ጎማ እኮ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም! ይህን አምስተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ሽቦዋ ሳምንቱን ሙሉ በጎማ ተጠቅልላ፣ ብረቱ አጠገብ ቆማ፣ ብረቱን ሳትነካው ኖራለች። እንደ ጋሻ ይከልላል ብለን የደከምንበት ሣጥን እንደ አንቴና ሆኖ አየሩን ሁሉ ሲለቅም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። አባባ ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሱ መሰለኝ። ቀና ስል ይስቃሉ፤ ድምፅ ሳያወጡ፣ እንባቸው እስኪወርድ።

"ልጄ" አሉ፣ "ያ እኮ የአፍ ልማዴ ነው። ሃያ ስንት ዓመት ምሳ ዕቃዬን ቧንቧው ላይ ባስቀመጥኩ ቁጥር ለጎረቤቴ 'ምልክቴን አደራ' እለው ነበር። ሽሮዬን እንዳይበሉብኝ! አሁን ማን ይበላዋል?"

ሰንጢያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ብሎኑን ፈቱ፣ ሁለቱን ጎማዎች አውጥተው በቁምነገር መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ "ማሳ ንጹሕ ብረት ይፈልጋል፤ ውስጡ ሽሮ የጠገበ ነው" ብለው ወፉን መፋቅ ጀመሩ። "አባባ፣ ኧረ ተዉ!" ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። "ልቀቂኝ፣ ራሴ የቀባሁትን ራሴ ልፋቀው" አሉ። ቀዩና ነጩ ቀለም እየተፈረፈረ ጭናቸው ላይ ወረደ፤ ጭራው ሄደ፣ ክንፉ ሄደ። የዚያን ሁሉ ዓመት ቀለም ሥር ያለው ብረት አዲስ ሳንቲም ይመስል ነበር። የሽቦዋን ጫፍ ባዶው ብረት ላይ አድርገው ዳዶውን አጠበቁና "በል ስካ" አሉት።

ሳሚ ሰካ። ረገጠ።

ምንም።

ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ሳሚም የድምፅ ማጉያዋን መብራት ጎንበስ ብሎ አየ፤ በርታለች። ከሩቅ አንድ ባጃጅ ሲያልፍ ሰማን፣ የጎረቤታችን ዶሮ ሰማን፣ የአባባን ትንፋሽ ሰማን። ያንን ሁሉ የሰማነው ምሳ ዕቃው ዝም ስላለ ነው። ሳሚ አንዲት ክር ነካ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፣ አስተጋባ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ከኋላው ንብ የለም፣ ኳስ የለም። ሳሚ ቁጭ አለ። በቃ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለና ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይዞት የኖረው ትንፋሽ ነው። እኔም የኔን የለቀቅኩት ያኔ ነው። ዛሬም ድረስ ሰው "እፎይ" ሲል ስሰማ ያቺ አንዲት ክር ናት የምትሰማኝ።

የቱሉ ዲምቱው ልጅ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ሳሚ "ጊታሩ አይሸጥም፣ ሻይ ግን አለ" አለው። ልጁ ሻዩን እየጠጣ ሲጫወት ሰማውና "እሺ፣ ምሳ ዕቃውንስ አትሸጡልኝም?" አለ።

እሁድ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ አዲሱን ነጭ ጫማዬን አድርጌ። ሳሚ ከነጊታሩ አንድ ቦርሳ ብቻ ይዞ ሲገባ ደሬ ኪቦርዱ ላይ ሆኖ አየው። "ከረጢቱስ?" አለ። ሳሚ ምሳ ዕቃውን አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ደሬ በሳቅ ወደቀ። "ሰው እንዴት ሰርግ ቤት ምሳ ቋጥሮ ይመጣል!" ሳሚ ሁለት ገመድ ሰካ፣ አንዴ ረገጠ፣ ያንን የክረምቱን ዘፈን መግቢያ ጀመረ። ደሬ ሳቁን ሳይጨርስ እጁ ወደ ኪቦርዱ ሄደ። ሙሽሮቹ ገቡ። ቪዲዮ አንሺው ሙሽራዋን አነሳ።

ጉዱ የመጣው ባንዱ ለእራት ሲነሳ ነው። ተመልሰን ስንመጣ ምሳ ዕቃው የለም! ሮጬ ማዕድ ቤት ገባሁ፤ አስተናጋጇ ከሰሃንና ከጭልፋ ጋር ማጠቢያው አጠገብ ከምራዋለች፣ ውሃ ልታፈስበት ትንሽ ሲቀራት። "የማን እንደሆነ አላወቅኩማ!" አለች። "ምልክት የለው፣ ምን የለው።"

ለአባባ ስንነግራቸው ከመቀመጫቸው ተነሱ። "አላልኳችሁም?" አሉ። "ምልክት የሌለው ምሳ ዕቃ ይጠፋል!" እናም እኔ የጥፍር ቀለሜን አምጥቼ፣ ከብሎኑ ራቅ ብዬ፣ ምላሴን አውጥቼ፣ አዲስ ወፍ ሣልኩ። ቀለሙ በየጊዜው ይላጣል፤ አድሰዋለሁ። ባለፈው ሐሙስም ከጥገናው ሱቅ ደጃፍ ጓደኛዬ ጎትታ ስትወስደኝ ቦርሳዬ ውስጥ አዲስ የተገዛ ቀይ የጥፍር ቀለም ነበር፤ ሳሚ ዘንድሮም በየሳምንቱ ሰርግ አለበት። ቤት ደርሼ ምሳ ዕቃውን ዳሱ ሥር አስቀምጬ ቀባሁት። ሳሚ ከኋላዬ መጥቶ ራሱን ዘንበል አድርጎ አየው።

"ጎበዝ ኢንጂነር" አለ። "ቆንጆ ጫማ ነው።"

"ወፍ ነው!" አልን፣ እኔና አባባ፣ እኩል።